በግዴታ የተማርኩት ስፓኒሽ ማውንት ፕሌዛንት ድረስ ወሰደኝ

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው የፍቅርና የትዳር ጣጣ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የኮሌጅ ትምህርትና ስለ አንዲት አጭር መንገድ ነው። ትምህርቱ ስፓኒሽ ነው፤ መንገዷም ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የምትገኘው ማውንት ፕሌዛንት ናት። «ታዲያ ይሄ ምን ያጓጓል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ራሴ በግድ ተጎትቼ ነው የገባሁበት። ብቻ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

«የውጭ ቋንቋ ይጎድልሻል»

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2017 ነው። ቀን ቀን ዲሲ መሐል በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ ማታ ማታ ሶሻል ወርክ እማራለሁ። ልጄ ደሴ እናቴ ዘንድ ናት፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የእሷ ጉዳይ ኢሚግሬሽን ገብቶ «በሂደት ላይ ነው» ከሚል መልስ በቀር ሌላ አልሰማም። ሕልሜ ዲግሪዬን ቶሎ ጨርሼ፣ ደህና ሥራ ይዤ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሦስት ሴቶች ጋር ከተጋራሁት ቤት ወጥቼ ልጄን የምቀበልበት የራሴ ክፍል መከራየት ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው አድቫይዘሬ ኮምፒዩተሯን እያየች «ሁለት ሴሚስተር የውጭ ቋንቋ ይጎድልሻል» ያለችኝ።

«የውጭ ቋንቋ? ይሄ አሁን የማወራሽ እንግሊዝኛ ምኔ ነው ታዲያ?» አልኳት።

ሳቀች። ደግ ሴት ናት። ሁለተኛ ደረጃን ከእንግሊዝኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ የጨረሰ ተማሪ ከግዴታው ነፃ እንደሚሆን ነግራኝ የትምህርት ማስረጃዬን እንዳመጣ አዘዘችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ አመጣሁ። አገላበጠችው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት በአንድ መስመር ብቻ ተጽፏል። «አየሽ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ ነው የተማርሽው» አለችኝ። ወይ ጉድ! አገር ቤት እንግሊዝኛ ጎበዝ ሁኑ እየተባልን በአለንጋ የተገረፍንበት ነገር አሜሪካ ላይ መጥቶ ሌላ ዕዳ ይሁንብኝ?

ፈረንሳይኛም ነበር፤ ግን ቀን ነው የሚሰጠው። በማታ ያለው ስፓኒሽ ብቻ ነው። «ምርጫ አለሽ» ይሉኛል እንግዲህ!

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር

ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ነን። አብዛኞቹ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ሃይስኩል ሁለት ሦስት ዓመት ተምረውት ማርክ ለመሰብሰብ ነው የመጡት። እኔ ቀኑን ሙሉ አልጋ ሳነጥፍ፣ መታጠቢያ ቤት ሳሽ ውዬ ጀርባዬን ይዤ እገባለሁ። አስተማሪያችን የኮሎምቢያ ተወላጅ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛ ከአፏ አይወጣም። እየጠቆመች፣ እየሣለች፣ እየዘለለች ታስተምራለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ የምስቀው እነሱ ሲስቁ እያየሁ ነው።

የመጀመሪያው ኩዊዝ ከመቶ አርባ አንድ። ሁለተኛው አርባ ስምንት። ቃላቱ ሁሉ ወንድና ሴት ናቸው። ጠረጴዛ ሴት ናት። ቀን በ«ኣ» እያለቀ ወንድ ነው፤ እጅ በ«ኦ» እያለቀ ሴት ናት። ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ ፀሐይን ወንድ ማድረጋቸው! እኛ «ፀሐይ ወጣች» ብለን ያደግን ሰዎች እንዴት «ፀሐይ ወጣ» እንበል?

አድቫይዘሯ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ። ከወደቅሁ የመንግሥት የትምህርት እርዳታው ሊቋረጥ ይችላል፤ እርዳታው ከተቋረጠ ደግሞ ኮሌጁም ቀረ ማለት ነው። ያን ማታ ባቡር ውስጥ የልጄን ፎቶ እያየሁ አለቀስኩ። ስለ ጠረጴዛ ጾታ ብዬ ልጄ ስትቀርብኝ ታየኝ።

የኩባው ጋሼ

ሰው ማዘኑን ካወራ መፍትሔው አይጠፋም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለአንዲት እህት ነገሩን ሳጫውታት «ጋሼን አታውቂም እንዴ? ኩባ ያደገው!» አለችኝ።

አንባቢ ያስታውሳል፤ በ1977 እና በ1978 እ.ኤ.አ. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮች ከእኛ ጎን ተሰልፈው ነበር። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት ግቢ ውስጥ እዚያ የወደቁ ኩባውያን ምስል አለ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ ኩባ ተልከው «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት ላይ ተምረዋል። ጋሼ ከእነሱ አንዱ ናቸው። በልጅነታቸው ሄደው ጎልማሳ ሆነው ነው የወጡት። አሁን ዲሲ ታክሲ ይነዳሉ።

ጋሼ ደብተሬን አዩና «ማን ነው በእንግሊዝኛ በኩል ዙሪ ያለሽ? በአማርኛ በኩል ግቢ!» አሉኝ። ይህቺ አንዲት ምክር ናት ያዳነችኝ።

እውነታቸውን ነው። እንግሊዝኛ «አይ» ካላለ «እበላለሁ» ማለት አይችልም። ስፓኒሽ ግን እንደ አማርኛ ነው፤ ማን እንደሚሠራው ግሡ ራሱ ይናገራል። «አብሎ» ሲባል «እናገራለሁ» ነው፤ «አብላሞስ» ሲባል «እንናገራለን»። ለአንድ ቃል ስድስት መጨረሻ መሸምደድ ፈረንጆቹን ያስለቅሳቸዋል። እኛ በልጅነታችን ሳናውቀው ጨርሰነዋል።

ደግሞ «ቱ» እና «ኡስቴድ» የሚባል አለ። የክፍል ልጆች «ለምን ሁለት ዓይነት አንተ አስፈለገ?» ብለው ተከራከሩ። ኧረ በፈጠራችሁ! «አንተ»ና «እርስዎ» ናቸዋ!

ከዚያ «ሜ ጉስታ» መጣ። ልጆቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ታመሱበት። «ቡና እወዳለሁ» ለማለት ስፓኒሽ «ቡና ደስ ይለኛል» ዓይነት አነጋገር ነው የሚጠቀመው። ደስ የሚለው ቡናው ሆኖ እኔ ተቀባይ ነኝ። ራስ ምታትም እንደዚሁ ነው፤ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ማለት ልክ እንደ እኛ «ራሴን ያመኛል» ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ።

ቃላቱም ቢሆኑ ዘመድ ሆነው ተገኙ። «አሴይቴ» ዘይት ነው። «አሱካር» ስኳር ነው። «አሮስ» ሩዝ ነው። ለካስ ዐረቦች ከ711 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስፔን ገብተው እስከ 1492 ግዛት ነበራቸውና ቃሉን ትተውላቸው ነው የወጡት። እኛም ከዚያው ከዐረብኛ ወስደናል። አንድ ሱቅ በሁለት በር እንደ መግባት ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የ«ኘ» ነገር ነው። ስፓኒሽ «ኤን» በሚለው ፊደል አናት ላይ ትንሽ ሞገድ ያደርግና «ኘ» ብሎ ያነበዋል። ሞገዷ ከተረሳች ጉድ ይፈላል። «አኞ» ዓመት ማለት ነው። ሞገዷ ስትቀር «አኖ» ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ለጨዋ አንባቢ የማይነገር የሰውነት ክፍል ነው። ስፓኒሽ «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» ሲል «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለኝ» ነው የሚለው። አንዱ ልጅ ሞገዷን ረስቶ አሥራ ዘጠኝ ምን እንዳለው እንደጻፈ አስቡት! አስተማሪያችን ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ወደ ሰሌዳው ወጣሁና «ነ» ጽፌ አናቷ ላይ ሰረዝ ጨመርኩባት፤ «ኘ» ሆነች። «እኛም እንዲሁ ነው የምናደርገው» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ እነዚያ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ከፈተና በፊት አጠገቤ መቀመጥ ጀመሩ።

«ኤኖሃዳ»

አሁን ደግሞ ወደ ሥራ ቦታዬ ልመልሳችሁ።

በሆቴሉ ክፍል የምናጸዳው ሴቶች ግማሾቻችን ሐበሾች፣ ግማሾቹ የኤል ሳልቫዶር ሴቶች ነበርን። ምሳ ቤቱ አንድ ነው፤ ጠረጴዛው ግን ሁለት ነው። እኛ በአማርኛ፣ እነሱ በስፓኒሽ። እኛ «አሚጎዎቹ» እንላቸዋለን፤ እነሱ ምን እንደሚሉን አናውቅም። አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔ በገባሁ ቁጥር ግን አንዲት ቃል ትደጋገማለች፤ «ኤኖሃዳ»። ከዚያ ይተያዩና ዝም ይላሉ። በተለይ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ አሉ፤ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አሲዘው የሚሠሩ፣ የአንድ ፎቅ ባልደረባዬ። ቃሉ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሰምቻለሁ። «ስድብ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ሰላምታ ማቆም አልነበረብኝም፤ መጀመሪያውኑም አልጀመርኩትም ነበርና።

በኅዳር ወር ስለ ስሜት የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ደረስን። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ፊቶች ሣለች። የሚስቅ፣ የሚያዛጋ፣ የሚያለቅስ። መጨረሻ ላይ ቅንድቧ የተኮሳተረ ሴት ሥላ ከሥሯ ጻፈች፤ «ኤኖሃዳ»።

የተቆጣች ማለት ነው።

ክው አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ «የተቆጣችው» ነበርኩ ማለት ነው! እልህ ያዘኝ። «ምን አድርጌያቸው ነው?» እያልኩ ቤቴ ገባሁ። እስከ ገና ድረስ ደግሞ ይባስ ብዬ ፊቴን አጠቆርኩባቸው። አያችሁ የሰው ነገር፤ ተቆጥታለች ሲሉኝ ተቆጣሁ።

የፈረንጆች ገና ካለፈ በኋላ ሁለተኛውን ሴሚስተር ጀመርን። የመጀመሪያውን በጭንቅ «ሲ» አግኝቼ አልፌያለሁ። መጋቢት ላይ አስተማሪያችን የክፍሉን ሃያ አምስት ከመቶ የሚይዝ የቤት ሥራ ሰጠችን፦ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሰው ፈልጋችሁ፣ ሠፈሩ ድረስ ሄዳችሁ፣ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ስለ ሕይወቱ ጠይቁ፤ ከዚያ ክፍል ውስጥ በቃል ተናገሩ። ጋሼ አይሆኑም፤ የአገሬ ሰው ናቸው። ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ከሥራ ቦታዬ በቀር ሰው የት አውቄ!

ሦስት ቀን ተለማመድኩ። በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ፎጣ ሲያጥፉ አጠገባቸው ቆምኩና «ዶኛ፣ ኡስቴድ ሜ ፑዌዴ አዩዳር?» አልኳቸው፤ «እትዬ፣ ሊረዱኝ ይችላሉ?» ማለት ነው። ፎጣው ከእጃቸው ወደቀ። በስፓኒሽ መናገሬ ብቻ አይመስለኝም፤ «ዶኛ» ማለቴ ነው። «ዶኛ» እንደ እኛ «እትዬ» ያለ የማክበር ቃል ነው። «ዐርብ ቤቴ ሠፈር ነይ» አሉኝ።

ማውንት ፕሌዛንት

ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር ፎርት ቶተን ድረስ፣ ከዚያ በአረንጓዴው ሁለት ጣቢያ ሄጄ ኮሎምቢያ ሃይትስ ወረድኩ። ጣቢያው የተከፈተው በ1999 ነው። ወደ ላይ ስወጣ 14ኛው መንገድ ግርግር ነው። ጥግ ላይ በ1924 የተሠራው የቲቮሊ ሕንፃ ቆሟል፤ ድሮ ሲኒማ ቤት ነበር፤ ከ2005 ጀምሮ የስፓኒሽ ቴአትር የሚታይበት ሆኗል። አንድ ቢሮ መስኮት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ። ከእንግሊዝኛው ሥር ስፓኒሽ አለ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ የእኛው ፊደል! ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛም ስፓኒሽም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች መካከል ናቸው። ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቻለሁ፤ የማነበው ግን የራሴን ብቻ ነበር። ያን ቀን ሁለቱንም አነበብኩ።

በፓርክ ሮድ ወደ ምዕራብ ቀጠልኩ። 16ኛው መንገድ ጥግ ላይ ትልቁ የቅዱስ ልብ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሴቶች ነጠላ የመሰለ ነገር ጣል አድርገው ይገባሉ። እሱን እንዳለፍኩ ማውንት ፕሌዛንት መንገድ ላይ ደረስኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፒያሳ ትዝ አለችኝ። መንገዷ አጭር ናት፤ በእግር አሥር ደቂቃ አትፈጅም። ግራና ቀኝ ዝቅ ዝቅ ያሉ ሱቆች፤ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ገንዘብ መላኪያ፣ ፍራፍሬ ወደ ውጭ ያወጣ ግሮሰሪ። ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። ከሱቆቹ ኋላ ያሉት ጎዳናዎች ዛፍ የበዛባቸው የቤት ረድፎች ናቸው፤ ቁልቁል ሲወረድ ሮክ ክሪክ የሚባለው ጫካ ይመጣል። ከእኛ አዳምስ ሞርጋን፣ ድሮ ሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተከፈቱበት ሠፈር፣ በእግር የሚያስኬድ ርቀት ነው። እነሱም እኛም በብዛት መምጣት የጀመርነው በ1980ዎቹ ውስጥ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ነበርን።

ዶኛ አንዲት ፑፑሳ ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፀጉራቸውን ለቀውታል፤ ሌላ ሰው መስለዋል።

ፑፑሳ ለማያውቅ አንባቢ፦ ከበቆሎ ሊጥ የሚጋገር ወፈር ያለ ክብ ቂጣ ነው፤ ሆዱ ውስጥ አይብ፣ የተፈጨ አደንጓሬ ወይም ሥጋ ይከተትበታል። ከላዩ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ጥቅል ጎመን ይበላል። በእጅ ነው የሚበላው። ነገር ግን ቀኑ ዐርብ ነው፤ ዐቢይ ጾም! «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ማንቴካ» አልኩ፤ «ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ስብ»። አስተናጋጇ «ታዲያ ምን ቀረሽ?» ብላ ሳቀች። ዶኛ ግን አልሳቁም። እሳቸውም በጾማቸው ዐርብ ሥጋ አይበሉም። ማድ ቤት ድረስ ገብተው አደንጓሬው በዘይት የተሠራ መሆኑን አረጋግጠው መጡ።

የሃያ ደቂቃው ጥያቄ

ደብተሬን አወጣሁ። «ኳንዶ ዬጎ ኡስቴድ?» መቼ መጡ?

«1989» አሉኝ።

ኢንቲፑካ ከምትባል ከተማ ነው የመጡት። በላ ኡኒዮን ክፍል ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከእሷ የወጡ ብዙ ሰዎች ዋሽንግተን አካባቢ ሠፍረዋል። አገራቸው ከ1980 እስከ 1992 የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች። ወንድማቸውን አንድ ሌሊት ወታደሮች ከቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ዶኛ ጓቲማላንና ሜክሲኮን አቋርጠው፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር፣ ዲሲ ገቡ። በመጡ በሁለት ዓመታቸው፣ ሜይ 1991፣ እዚሁ ሠፈር አንድ ፖሊስ አንድ የሳልቫዶር ሰው በጥይት አቁስሎ ረብሻ ተነሣ። የፖሊስ መኪና ሲነድ በመስኮት አይተዋል። «ከጦርነት ሸሽቼ ጦርነት ተከተለኝ ብዬ አልጋ ሥር ገባሁ» አሉኝ። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ቀስ እያሉ ነው፤ ያልገባኝን በእጃቸው ያሳዩኛል፤ ናፕኪን ላይ ካርታ ሣሉልኝ። እኔም የአገሬን ሌሊቶች አስታወስኩ። በአያቴ ቤት «በሌሊት ተወሰደ» የሚል ወሬ አዲስ አልነበረም። ግን ይህን የምናገርበት ስፓኒሽ አልነበረኝም። «እኛም ጋ… እንዲሁ» ብቻ አልኩ።

ከዚያ ስለ ልጆች ጠየቅኋቸው። ሴት ልጃቸውን የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች ለእናታቸው ጥለዋት ነው የመጡት። ያገኟት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ስትመጣ «ሴኞራ» አለቻቸው፤ «እመቤት» እንደማለት ነው። «እማዬ» ለማለት አንድ ዓመት ፈጀባት።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃው አልፏል።

ዶኛ ትክ ብለው አዩኝና እሳቸው በተራቸው ጠየቁ፦ «ኢ ቮስ፣ ፖር ኬ ኤስታስ ኤኖሃዳ?» አንቺስ፣ ለምን ነው የተቆጣሽው?

መጣች ያቺ ቃል! ፊቴ ጋለ። «ቁጡ ናት ትሉኛላችሁ፤ አምስት ዓመት ሰምቻለሁ» አልኳቸው፤ ቃሉን እየፈለግሁ፣ እየተንተባተብኩ። ዶኛ እጃቸውን አርገበገቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሰዋስው ታገሱኝ። ስፓኒሽ ሁለት «ነው» አለው። አንዱ «ሴር» ነው፤ ለተፈጥሮ፣ ለጠባይ፣ ለማንነት። ሌላው «ኤስታር» ነው፤ ሰው ላለበት ሁኔታ። እኛ «ቁጡ ናት» እና «ተቆጥታለች» ብለን እንደምንለየው ነው። ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን «የሞተ ሰው ሳይቀር በኤስታር ነው የሚነገረው» ስትል ልጆቹ «ሞት እንዴት ጊዜያዊ ይሆናል?» ብለው ተንጫጩ። ትንሣኤ ሙታንን የምናምን ሰዎች ምን ይገርመናል ብዬ ዝም አልኩ።

ዶኛም ያሉኝ ይህንኑ ነው። «ቁጡ ነሽ አላልንም ሚሃ፤ ተቆጥታለች ነው ያልነው። አንድ ነገር ሆናለች፣ ማን በደላት እያልን ነው የምንጠያየቀው።»

«ሚሃ» ማለት «ልጄ» ነው።

አንባብያን፣ እኔ ለአምስት ዓመት ስድብ ነው ያልኩት ነገር ለካስ ስለ እኔ መጨነቅ ኖሯል። መልሱን በእንግሊዝኛ ብናገር ይቀለኝ ነበር። ግን አልፈለግሁም። «አልተቆጣሁም። ልጄ…» አልኩና ቃሉ ጠፋኝ። «ናፈቀችኝ» የሚለውን ገና አልተማርነውም። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ዶኛ ቃሉን አቀበሉኝ፤ «ሜ አሴ ፋልታ»። እንደ «ሜ ጉስታ» ያለ አነጋገር ነው፤ የሚሠራው ያ የራቀው ሰው ነው፣ እኔ የሚደርስብኝ ነኝ። ልክ እንደ እኛው «ናፈቀችኝ»። «ሜ አሴ ፋልታ ሚ ኢሃ» አልኩ። ልጄ ናፈቀችኝ።

ዶኛ ከፑፑሳቸው ቆርሰው በእጃቸው አጎረሱኝ። በእነሱ ባህል ጉርሻ ይኑር አይኑር አልጠየቅኩም። ያጎረሱኝ ግን አይብ ያለበትን ነው! ምን ልበላችሁ፣ ዋጥኩት። የነፍስ አባቴ ሰምተው «ይሁን» ብለውኛል።

ስንለያይ ስለ ልጄ «ትመጣለች፣ ፕሪሜሮ ዲዮስ» አሉኝ። «እግዜር ካለ» ማለት ነው። በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው የሚሏት። እኛስ?

ፈተናው

የቃል ፈተናው ቀን የስድስት ደቂቃ ንግግር ነው የተጠየቅነው። እኔ አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገርኩ። አስተማሪያችን አላቋረጠችኝም። አንድ ቦታ ብቻ ግንባሯን ቋጠረች፤ «አንቺ» ለማለት «ቱ» እንደማለት «ቮስ» አልኩ፤ «ኤሬስ» በማለት ፈንታ «ሶስ»። የኤል ሳልቫዶር ሰዎች አነጋገር ነው። ጋሼ ደግሞ እንደ ኩባ ሰው «ስ»ን እየዋጥኩ እንድናገር አስለምደውኛል። «ይሄን ስፓኒሽ ከየት ሰበሰብሽው?» አለችኝ። «አንዱን ከታክሲ፣ አንዱን ከማውንት ፕሌዛንት» አልኳት። ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ አማርኛ ቀላቅሎ እንደሚያወራ ፈረንጅ ሆኜ ነበር መሰለኝ። ነጥብ ቀነሰችብኝ፤ ሕጉ ሕግ ነው። ሆኖም «ቢ» አገኘሁ። እርዳታውም አልተቋረጠም።

ምሳ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ወዲያው አልተቀላቀሉም። ይህን ብል ውሸት ይሆናል። ግን እኔ ስገባ «ቡዌኖስ ዲያስ» እላለሁ፤ እነሱም «ደና አደርሽ» ማለት ለምደዋል፤ «ደና»ን አጥብቀው «ደንና» ነው የሚሉት። እኛም «ፔሮ» የምትለዋን ቃል «ረ»ዋን ስናጠብቅ «ግን» የነበረው «ውሻ» ይሆንብናል፤ በዓሉን «ገና»ና ያልደረሰውን «ገና» እንደማምታታት ነው። ተሳስቀን እንለያያለን።

ለመሰል እህት ወንድሞቼ ምክር ቢጤ

አንደኛ፣ ኮሌጅ ስትገቡ የቋንቋ ግዴታ መኖሩን በመጀመሪያው ሴሚስተር ጠይቁ። እንደ እኔ መጨረሻ ላይ አትደንግጡ። አማርኛችሁን ወይም ሌላ የአገር ቤት ቋንቋችሁን የሚቀበል ኮሌጅ አለ፤ የማይቀበልም አለ። በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሁለተኛ፣ ስፓኒሽ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ክሌፕ የሚባለውን ፈተና ተፈትኖ ክሬዲት የሚያገኝበት ኮሌጅ አለ። ኩባ ያደጋችሁ፣ ይህ የእናንተ ነው። አማርኛ በዚህ ፈተና ውስጥ የለም።

ሦስተኛ፣ ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል አትማሩት። ግሡን በአማርኛ ተርጉሙት። «እርስዎ»፣ «ደስ ይለኛል»፣ «ያመኛል»፣ «ተቆጥታለች»፤ ሁሉም ቤታችሁ ውስጥ አለ።

አራተኛ፣ ስልክ ላይ ከሚጮኸው ማስተማሪያ ይልቅ አብራችሁ የምትሠሩትን ሰው ሰላም በሉ። ጋራዥ ውስጥ፣ ማድ ቤት ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ ስንት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ቆመን ስማቸውን የማናውቅ አለን።

አምስተኛ፣ የማታውቁት ቋንቋ ሲነገር «እኔን ነው የሚያሙት» ብላችሁ አትፍረዱ። የሚያሟችሁም ቢሆን መጀመሪያ ቃሉን ፈልጉ።

ልጄ በ2019 መጣች። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ልቀበላት ስሄድ ዶኛ በፌስታል ፑፑሳ ጠቅልለው አብረውኝ ሄዱ። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ በር ላይ ቆማ አየችኝና አልሮጠችም። ዶኛ ክርኔን ጨበጥ አደረጉኝ። «አትቸኩዪ» አሉኝ በስፓኒሽ፤ «ጊዜ ስጫት»። እሳቸው ባይነግሩኝ ያን ቀን ልቤ በተሰበረ ነበር። «እማዬ» ያለችኝ በሦስተኛው ወር ነው፤ ዶኛ አንድ ዓመት ጠብቀዋል።

አሁን ልጄ ራሷ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ተምራለች። ከእኔ ይልቅ አጥርታ ትናገራለች፤ «ቮስ» ስል ታርመኛለች። ዶኛ ደግሞ እሷን ያርሟታል። ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁንም ማውንት ፕሌዛንት ናቸው። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ እንሄዳለን።

ጾም ካልሆነ ባለ አይቡን ነው የማዘው። ቸር ሰንብቱ!